ከልጆች ጋር አንድ እሑድ በጥንቷ ኦስትያ

አሥራ አራትና አሥራ ስድስት ዓመት የሆናቸውን ልጆች ይዛችሁ ለጉብኝት ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ትንንሾች ሳሉ ነገሩ ቀላል ነው። እጃቸውን ይዞ፣ ከረሜላ ገዝቶ መሄድ ነው። አሥራዎቹን ዕድሜ ሲይዙ ግን የት እንደሚሄዱ፣ ለምን እንደሚሄዱ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ መልሱን ከሰሙም በኋላ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። የእኔዋ ልጅ የጥንት ሮማውያን የፈረሰ ከተማ ልናይ ነው ብላት፣ "ድንጋይ ለማየት ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ በአውሮፕላን የመጣነው?" አለችኝ። ድንጋይ አገራችንም ሞልቷል ማለቷ ነው። እውነቷን ነው።

ቢሆንም ያን እሑድ ላጫውታችሁ። ስለ ድንጋዩም፣ በድንጋዩ ሰበብ ስለ ተነሣው ሌላ ነገርም።

በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ላይ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ከልጄ ጋር እኅቴን ለመጠየቅ ወደ ሮማ ሄድኩ። የትኬቱ ገንዘብ ሁለት ዓመት የጣልኩት ዕቁብ ሲሆን የጎደለውን እኅቴ ሞላችው። የቪዛውን ጣጣ ላነሣው አልፈልግም፤ እሱ ብቻውን አንድ ዓምድ ይጨርሳል። አዲስ አበባን ዶፍ እየወረደባት ጃንጥላ ይዘን ትተናት ወጣን፤ ሮማ ስንደርስ አናት የሚበሳ ፀሐይ ጠበቀን። ከቆየንባቸው አሥር ቀናት ውስጥ አራታችንም አንድ ላይ የዋልንበት ያ አንድ እሑድ ብቻ ነበር።

እኅቴ በሁለት ዓመት ታንሰኛለች። ቀን ቀን አንዲት የዘጠና ዓመት አዛውንት ትጠብቃለች፤ ማታ ማታ ደግሞ ቢሮ ታጸዳለች። እዚያ ያሉ እኅቶቻችን የቀኑን ሥራ በጣሊያንኛ ስሙ "ባዳንቴ" ይሉታል። ማብሰል፣ ማጠብ፣ ደግፎ ማንሣት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዱኑ ወሬ በቀን አሥር ጊዜ እንደ አዲስ መስማት ማለት ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ልጇ ሳይነቃ ትወጣለች፤ ራቱን በልቶ ከተኛ በኋላ ትገባለች።

ልጇን አገር ቤት ትታው የወጣችው በ2004 ዓ.ም. የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። ያሳደግነው እኔና እናታችን ነን። በ2013 ዓ.ም. የቤተሰብ መገናኛ ፈቃድ አግኝታ ስትወስደው አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኘሁት እኔ ስሆን፣ የነጠላዬን ጫፍ ጨብጦ አልለቅም እንዳለኝ ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም። ዛሬ ከእኔ በአንድ ክንድ ይረዝማል፤ ጣሊያንኛውን እንደ ተወላጅ ይናገራል፤ አማርኛውም አልጠፋበትም። እኔን እንደ ዱሮው "እቴቴ" ይለኛል፤ አያቱን በስልክ "እማማ" ይላታል። እናቱን ግን ምንም አይላትም። "ቁልፉ የት ነው?" ብሎ ወደ ግድግዳው ይጠይቃል እንጂ አይጠራትም። ስለ እሷ ሲያወራም "እሷ" ነው። እኔ ስጠራው "አቤት" ብሎ ይነሣል። እሷ ስትጠራው ከጆሮው አንዱን ማዳመጫ ያወጣና ዝም ብሎ ይጠብቃል።

በሐቅ ልናገርና፣ በመጀመሪያው ቀን ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ደስ አሰኝቶኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን አፈርኩ።

(ይህን የምጽፈው እኅቴን አስፈቅጄ ነው። ልጁንም ጠይቄዋለሁ፤ "ስሜን ብቻ አትጻፊ" ብሎኛል።)

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኅቴ ሥራ ላይ ሳለች ሁለቱን ልጆች ይዤ ፖርታ ካፔና ወደሚባለው አደባባይ ሄድኩ። ልናይ የሄድነው የሌለ ነገር ነው። የፋሽስት መንግሥት አገራችንን ከወረረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም ያስነሣው ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ሊሆን ከታሰበውና ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከሚሠራበት ሕንፃ ፊት ለፊት። በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ የወሰደችውን እንድትመልስ ግዴታ ገባች። ሐውልቱ ግን አገሩን ያየው በ2005 ነው፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተጭኖ። 24 ሜትር የሚረዝም፣ 160 ቶን ያህል የሚመዝን ድንጋይ ነው። ዳግመኛ ተተክሎ የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። ልጄ "ባዶ ቦታ ልታሳይን ነው ያመጣሽን?" ብላ ሳቀች። የእኅቴ ልጅ ግን አልሳቀም። መኪናው ወዲያና ወዲህ የሚያልፍበትን ቦታ ሲያይ ቆየና፣ "እሱ ግን ተመለሰ" አለ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ኦስትያን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ገንዘብ ነው። በኢጣሊያ የመንግሥት ሙዚየሞችና የጥንት ቦታዎች በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ መግቢያ አያስከፍሉም፤ ሐምሌ 27 ቀን ደግሞ በእነርሱ አቆጣጠር የነሐሴ ወር የመጀመሪያ እሑድ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት እኅቴ ራሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሮማ ስትኖር ትልቁን የኮሎሲየም ስታዲየም ከአውቶቡስ መስኮት ካልሆነ አላየችውም። "ወረፋው እንደ ዘይት ወረፋ ነው" አለችኝ። ኦስትያ ግን ጸጥ ያለች ናት፤ ከፖርታ ሳን ፓኦሎ ጣቢያ ተነሥቶ በከተማው ተራ ትኬት ግማሽ ሰዓት ያህል በባቡር መሄድ ብቻ ነው።

ጠዋት ማልደን ተነሣን። እኅቴ እንቁላል ቀቅላ፣ ዳቦ ቆራርጣ፣ እኔ ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ያዘች። በባቡሩ ውስጥ ልጄ የድምፅ ማጉያውን ሰምታ በድንገት "ፌርማታ!" ብላ ጮኸች። "የእኛን ቃል ይናገራሉ!" የአክስቷ ልጅ ቃሉ የጣሊያኖቹ እንደሆነ ሊያስረዳት ሲሞክር ፒያሳን፣ መርካቶን፣ ማኪያቶን፣ ባንኮኒን እየጠቀሰች ተከራከረችው። ጉዞው የሠመረው ከዚያ ጀምሮ ነው ብል አላጋነንኩም። አንድ ነገርም አድርጌ ነበርና ለእናንተም ይጠቅም እንደሆነ ልንገራችሁ፦ የቦታውን ካርታ ለልጁ ሰጠሁት። መሪያችን አንተ ነህ፣ ጣሊያንኛውም ላቲኑም በአንተ እጅ ነው አልኩት። ትምህርት ቤት ላቲን ይማራል። መጀመሪያ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ከጣቢያው ስንወጣ ግን ከሁላችንም ፊት ፊት ይሄድ ነበር።

ከፍርስራሹ በር በፊት አንዲት ትንሽ መንደር አለች፤ ግንብና ቤተ ክርስቲያን ያላት። መሪያችን ወደዚያ ወሰደን። በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ የእብነ በረድ ስባሪ ያሳያሉ፤ የቅዱስ አውግስጢኖስ እናት የሞኒካ የመቃብር ጽሑፍ ነው። በ1945 ሁለት ልጆች ለጨዋታ የሚሆን ምሰሶ ሊተክሉ ሲቆፍሩ ነው ያገኙት። ሞኒካ የሰሜን አፍሪካ ሴት ነበረች፤ አገሯ የዛሬዋ አልጄሪያ ናት። ልጇ አውግስጢኖስ በወጣትነቱ ከካርታጎ ወደብ ሌሊት ተደብቋት ወደ ሮማ ሄደ። እሷም ባሕር ተሻግራ፣ ሚላኖ ድረስ ሄዳ አገኘችው። በኋላ አብረው ወደ አፍሪካ ሊመለሱ ኦስትያ ላይ መርከብ ሲጠብቁ እ.ኤ.አ. በ387 ታማ ሞተች።

ልጁ ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው ነገረንና፣ "ልጇን ፍለጋ ባሕር የተሻገረች እናት ናት" ብሎ ጨረሰ። ወደ ማንም አላየም። እኅቴ ባርኔጣዋን አስተካከለች። እኔ ክንዱን ቆንጠጥ ላደርገው ፈልጌ ነበር፤ እንደ ድሮው ቢሆን አደርገው ነበር።

ወደ ጥንቷ ከተማ ገባን። ኦስትያ የሚለው ስም በላቲን አፍ ወይም መግቢያ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ የቲቤር ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት አፍ ላይ ተቆርቁራ ነበርና። በቁፋሮ ከተገኙት ግንቦች የጥንቶቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የተሠሩ ናቸው። የሮማ ወደብ እሷ ነበረች። የሮማ ሕዝብ የሚበላው ስንዴ ከግብፅና ከሰሜን አፍሪካ በመርከብ ይመጣ ነበር፤ በኦስትያ በኩል ገብቶ፣ ወደ ትንንሽ ጀልባ ተዛውሮ፣ በወንዙ ሽቅብ እየተጎተተ ይሄዳል። በኋላ ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ42 አካባቢ ከከተማዋ በስተሰሜን ሌላ ትልቅ ወደብ ማሠራት ጀመረ። ኦስትያ በደመቀችበት በሁለተኛው መቶ ዓመት 50 ሺህ ያህል ሰው ሳይኖርባት እንዳልቀረ ይገመታል።

ከተማዋን እንደ ፖምፔ እሳተ ገሞራ አልበላትም። ንግዱ ወደ ሌላው ወደብ ሄደ፤ ወንዙ ደለል እያመጣ ባሕሩን ገፋው፤ ወባ ገባ፤ ሰውም አንድ በአንድ ለቀቃት። ዛሬ ባሕሩ ከፍርስራሹ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል። የሰፊው ቁፋሮ ዘመን ከ1938 እስከ 1942 ነበር፤ ሙሶሊኒ በ1942 በሮማ ሊከፍት ላሰበው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን እንዲደርስ በጥድፊያ ተቆፈረች። የአክሱምን ሐውልት ያስነሣውና ኦስትያን ያስቆፈረው አንድ መንግሥት መሆኑን ስታስቡ ድንጋይ ወዳድነቱ ይገርማችኋል። ኤግዚቢሽኑ በጦርነቱ ምክንያት አልተከፈተም።

ስለ ነገሥታቱ ይህ ይበቃናል። እኔ ማየት የፈለግሁት የኦስትያን ሠራተኛ ነው፤ ደግነቱ ከተማዋ የሠራተኛ ከተማ ነች። ጫኝና አውራጅ፣ ጀልባ ሠሪ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ልብስ አጣቢ የኖሩባት ናት፤ ብዙዎቹ ባሮች ወይም ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ቤታቸውም እንደ ፖምፔ ሀብታሞች ግቢና አትክልት ያለው ቪላ አይደለም። በቀይ ጡብ የተሠራ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት ፎቅ የኪራይ ቤት ነው። ከሥር ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። የዲያና ቤት በሚባለው ግቢ ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያው መካከል ላይ ይታያል፤ ውሃው ከዚያ እየተቀዳ ወደ ላይ ይወጣል። በእነዚህ ቤቶች ከፍ ባልክ ቁጥር ኪራዩ ይረክሳል፤ ድሃው ጣሪያው ሥር ነው የሚኖረው። እናንተ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ እናቶች ጀሪካን ተሸክማችሁ ደረጃ ላይ ያረፋችሁበትን ቀን አስቡት። ልጄ የደረጃውን ስባሪ አይታ "እኛ ቤት!" ብላ ፎቶ አነሣች። ስልኳን ከኪሷ ያወጣችው ለዚያ ብቻ ስለ ነበር ምንም አላልኩም።

ከዲያና ቤት አቅራቢያ ትልቁ የዳቦ መጋገሪያ አለ። እኅቴ ብዙ የቆየችው እዚህ ነው። ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጠረቡ፣ ወገባቸው የቀጠነ፣ የሰው ቁመት ሊያህሉ ጥቂት የቀራቸው ወፍጮዎች ተደርድረዋል። ከላይኛው ድንጋይ ላይ እንጨት ይታሰርና አህያ ወይም በቅሎ ዙሪያውን ይጎትተዋል። በጎናቸው ከድንጋይ የተሠሩ ማቡኪያዎች አሉ፤ ሊጡን የሚያዞር የእንጨት ክንድ ነበራቸው። መጋገሪያው በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ተቃጥሎ ቀርቷል። እኅቴ እጇን ወፍጮው ላይ አድርጋ፣ "የእናታችንን ወፍጮ ታስታውሺዋለሽ? መጁ እጄን ሲልጠኝ?" አለች። አስታወስኩ። ልጇ ከኋላዋ ቆሞ ይሰማ ነበር። ስለ እማማ ቤት ስንጫወት ጆሮው ይቆማል።

የልብስ ማጠቢያውም እንዲሁ ነው። ሠራተኞቹ ከመሬት በተቀበሩ ትንንሽ ገንዳዎች ውስጥ ቆመው ልብሱን በእግራቸው ይረግጡታል፤ ቆሻሻ እንዲያስለቅቅላቸውም ሽንት ይጠቀሙ ነበር። ልጁ ይህን ሲነግረን ልጄ አፍንጫዋን ያዘች። እኅቴ ግን ስቃ፣ "ምስጋና ለማሽኔ!" አለች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት እዚያ ነው።

ምሳ ከመብላታችን በፊት የቆየውን ምግብ ቤት አየን። በሩ ላይ የድንጋይ መቀመጫ፣ ውስጡ በእብነ በረድ የተለበጠ ባንኮኒ፣ ከኋላው መደርደሪያ፣ ግድግዳው ላይ የምግብ ሥዕል አለው። የምግብ ዝርዝሩ መሆኑ ነው። አሁን በሩን ከፍተህ ሁለት ማኪያቶ ብትል የሚሰጥህ ይመስልሃል። ልጆቹን ከሁሉ ይበልጥ ያሳቃቸው ግን በአደባባዩ አጠገብ ያለው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ነው። ሃያ ያህል ቀዳዳ ያለው የእብነ በረድ አግዳሚ ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል፤ በመካከሉ መጋረጃ የለ፣ መዝጊያ የለ። ሥሩን ውሃ ይሄድበት ነበር። ሁለቱ ተጎራብተው ተቀመጡና ስለ ገበያው ዋጋ እንደሚያወሩ ነጋዴዎች ሆነው ተጫወቱ። ከአጠገባችን የነበሩ ፈረንጆች ሳይቀሩ ሳቁ።

እንቁላላችንንና ዳቦአችንን በጥድ ጥላ ሥር በላን። ለሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ልበል፦ ባርኔጣ ሳይዙ መሄድ ራስን መበደል ነው፤ መንገዱም ወጣ ገባ ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም። ሁሉን ላዳርስ ማለትም አይቻልም። በዓለማችን ካሉት እጅግ ጥንታውያን የአይሁድ ምኩራቦች አንዱ በከተማዋ ዳር እንዳለ ካርታው ይናገር ነበር፤ በ1961 ነው የተገኘው። እግራችን ስለ ዛለ ተውነው። ይቆጨኛል።

ቴአትር ቤቱን ለመጨረሻ አቆይተነው ነበር። እስከ 4 ሺህ ሰው የሚይዝ የድንጋይ መቀመጫ ያለው ሲሆን፣ ታድሶ ዛሬም በበጋ ትርኢት ይታይበታል። ከጀርባው አራት ማዕዘን ሜዳ አለ፤ ዙሪያውን ስድሳ ያህል ትንንሽ ክፍሎች ነበሩ። የመርከብ ነጋዴዎች ጽሕፈት ቤቶች እንደነበሩ ይታመናል። በየክፍሎቹ ፊት ወለሉ ላይ ከጥቁርና ነጭ ጠጠር የተሠራ ሥዕል፣ ሞዛይክ የሚሉት አለ፤ የነጋዴው አገርና ሥራ የሚታወቅበት ምልክት ነው። መርከብ፣ የመብራት ግንብ፣ ዓሣ፣ የስንዴ መስፈሪያ። ልጁ እየዞረ ስማቸውን ያነብልን ጀመር። ካርታጎ አለ። ሰርዴኛ አለ። ልጄ ሮጣ ሄዳ፣ "ዝሆን! እዚህ ዝሆን አለ!" ብላ ጠራችው። እሱም ጎንበስ ብሎ ከዝሆኑ በላይ ያለውን ፊደል አነበበ።

"ሳብራቴንሲዩም። የሳብራታ ሰዎች ማለት ነው። ሊቢያ ውስጥ ያለች ከተማ ናት።"

እኅቴ ከኋላችን ነበረች። "ምን አልክ?" አለችው።

"ሳብራታ።"

መጥታ አጠገባችን ቆመች። ዝሆኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያም፣ "ከዚያ ነው የተነሣነው" አለች። "ከሳብራታ ወጣ ብሎ ካለ አሸዋ። በ2006፣ በሰኔ።"

አንባቢዎቼ፣ እኅቴ ስለዚያ መንገድ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለእኔ እንኳ ሦስት ዐረፍተ ነገር ነግራኝ አታውቅም። ለልጇ ደግሞ ከነጭራሹ። እዚያ በፀሐዩ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ከሞዛይኩ ሳታነሣ ጥቂት ነገር ተናገረች። አራት ወር አንድ ቤት ውስጥ ተዘግቶባቸው ነበር። ያም አገር እንዲህ ያለ የሮማውያን ፍርስራሽ፣ በባሕር ዳር ያለ ቴአትር ቤት እንዳለው ሰዎች ሲናገሩ ሰምታለች፤ አላየችውም፤ የወጡት በሌሊት ነው። የኢጣሊያ ባሕር ኃይል መርከብ ከባሕር ላይ አንሥቶ ሲሲሊ አደረሳቸው። ስልኳን ወስደውባት ስለ ነበር የእማማን ቤት ስልክ ቁጥር እንዳትረሳው በየማታው ትደግመው ነበር። "በጀልባውም ላይ ሰው ሁሉ ሲጸልይ እኔ ቁጥር እቆጥር ነበር" አለች።

ልጇ አሁንም ጎንበስ እንዳለ ነው። "ያን ጊዜ አልደወልሽም" አላት። "ብዙ ጊዜ አልደወልሽም። እኔ ስልኩ አጠገብ እቀመጥ ነበር።"

"ስልክ አልነበረኝም።"

ቀና አለ። ያየው ግን እሷን አልነበረም፤ እኔን ነው። "እቴቴ፣ ሥራ በዝቶባት ነው ብለሽኝ ነበር።"

ብዬዋለሁ። እኔና እናታችን እናውቅ ነበር። ገንዘብ ላኩ እያሉ ሁለት ጊዜ ደውለውልናል፤ የእናታችንን ወርቅ ሸጠን ልከናል። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ይወቀው? ሥራ በዝቶባት ነው አልነው። ስትደውል ደግሞ፣ አሁን ኮርፏል፣ ነገ ያናግርሻል አልናት። ደግ ያደረግን መስሎን ነው። ከዚያም ልጁ አደገ፤ እኛም ነገሩን ረሳነው፤ ወይም የረሳነው መሰለን። ሥራ ስለ በዛባት የረሳችው እናት ግን እሱ ዘንድ ቀረች። ከዚያ ሁሉ ዓመት ወዲህ "እሷ" ሲል የነበረው ያቺን፣ እኔ የፈጠርኳትን ሴት ኖሯል።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የመጣልኝ መልስ፣ "ትንሽ ልጅ ነበርክ" የሚል ብቻ ሆነ። እሱም "እሺ" አለኝ። ያ "እሺ" ከስድብ ይከብድ ነበር።

ማንም አላለቀሰም፤ ማንም ማንንም አላቀፈም። አንድ የጎብኚዎች ቡድን መጥቶ ዝሆኑን ፎቶ ሊያነሣ ስለ ፈለገ ቦታ ለቀቅንለት። ጥቂት ራመድ እንዳልን ልጁ፣ "ጀልባዋ ስንት ሰው ይዛ ነበር?" ብሎ ጠየቀ። ግድግዳውን አልነበረም የጠየቀው። እኅቴም፣ "አልቆጠርኩም። ጨለማ ነበር" አለችው። መውጫው አጠገብ ካለው የቧንቧ ውሃ ስንደርስ የሁላችንንም ጠርሙስ ሰብስቦ ሞላ። መጀመሪያ የሞላውን ለእሷ ሰጣት፤ ምናልባት ቅርብ ስለ ነበረች ይሆናል። ከዚህ በላይ ላስውበው አልፈልግም።

ባቡሩ ከባሕር በሚመለሱ ሰዎች ተጨናንቆ ነበር፤ አሸዋ፣ ፎጣ፣ የሚያለቅስ ሕፃን። ሁለት ባዶ ወንበር ጎን ለጎን ተገኘና እኅቴ ተቀመጠች። ልጇ ማዳመጫውን ከአንገቱ አውጥቶ ኪሱ ከተተና አጠገቧ ቁጭ አለ። ወዲያው አላወሩም። ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ ዞር ብዬ ሳይ እኅቴ በእጇ አየር ላይ የአንድ ክፍል ስፋት የምትለካ ይመስል ነበር፤ እሱም ይሰማት ነበር። መጥታችሁ ተቀላቀሉን የሚል ፊት ስላላየሁ፣ ሊኖርም ስለማይገባው፣ ልጄን ይዤ ወደ ሌላኛው ፉርጎ ሄድኩ።

እዚያ በሩ አጠገብ ቆመን ሳለ ልጄ ትከሻዬ ላይ ራሷን ደገፍ አደረገች። ደከማት ብዬ ነበር። ጥቂት ቆይታ፣ "እማዬ፣ እኔንስ ምን ምን ዋሽተሽኛል?" አለችኝ።

ፒራሚዴ እስክንደርስ ገና ብዙ ፌርማታ ነበረን።